ቤካምን «ሰር» ያሰኘው ግሥ

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ከበኪንግሃም ቤተ መንግሥት አንድ መግለጫ ወጣ። የንጉሥ ቻርልስ ወንድም አንድሩ ልዑልነቱን፣ ማዕረጉንና ኒሻኖቹን ሊነጠቅ ነው ይላል። ምክንያቱ በወሲብ ወንጀል ከተፈረደበት አሜሪካዊ ባለሀብት ከጄፍሪ ኤፕስታይን ጋር የነበረው ግንኙነት ያስነሳው፣ ዓመታት የፈጀ ውዝግብ ነው። ሰውየው የተነሳበትን ክስ ይክዳል። አምስት ቀን ቆይቶ፣ ጥቅምት 25፣ ንጉሥ ቻርልስ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰይፍ ይዘው ቆሙ። ፊታቸው የተንበረከከው ዴቪድ ቤካም ነበር፣ ባለቤቱ ቪክቶሪያ የሠራችለትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ።

የእኛ ፌስቡክና ቴሌግራም የዚያን ቀን «ሰር ቤካም» በሚል ጽሑፍ ተጥለቅልቆ ነበር። ልክ አይደለም። «ሰር» የሚሄደው ከሰውየው ከራሱ ስም ጋር ነው፣ ሰር ዴቪድ። ይህ ለእኛ ሊከብደን አይገባም፤ እኛም «አቶ» ብለን የምናስከትለው የሰውየውን ስም እንጂ የአባቱን አይደለም። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊማ በፈረንጆች 1999 ከተሾሙበት ጊዜ ጀምሮ ሰር አሌክስ እያለ ኖሯል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ ተሻረ፣ ሌላው ተሾመ። ሁለቱንም ያደረገው አንድ እጅ ነው። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለዚህ እጅ ነው። መንገዱ ግን በአንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ ግሥ በኩል ያልፋል።

ግሡ «ደብ» ነው። ዛሬ መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ ሁለት ዋና ፍቺዎች ታገኛላችሁ። አንደኛው ትከሻን በሰይፍ ነክቶ የናይት ማዕረግ፣ ማለትም «ሰር» የሚያሰኘውን፣ መስጠት ነው። ሁለተኛው ለሰው ወይም ለነገር ስም ማውጣት ነው፤ ጋዜጦች ለአንድ ፖለቲከኛ ወይም ለአንድ ተጫዋች ቅጽል ስም ሲያወጡለት ይህንኑ ግሥ ነው የሚጠቀሙት። ከቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎች ጋር የለመድነው «ዳቢንግ» ግን ሌላ ነው። እሱ የመጣው «ደብል» ከሚለው ቃል ነው፣ ድምፅን መደረብ ለማለት። ፊደላቸው ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ግሡ በጽሑፍ ከሚገኝባቸው በጣም ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ የአንግሎ ሳክሰን ዜና መዋዕል ነው። በ1086 ጰራቅሊጦስን ዌስትሚንስተር ያከበረው ድል አድራጊው ዊልያም፣ ልጁን ሄንሪን እዚያ «ደብ አደረገው» ይላል፣ ፈረሰኛ እንዲሆን። ሄንሪ ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነው። በ1100 ራሱ ነገሠ። ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን የያዙት በ1066 ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ድሉ ገና 20 ዓመቱ ላይ እያለ ነው።

ያኔ ታዲያ ግሡ ትከሻ መንካት ማለት አልነበረም። ምሁራን ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ «አዱቤ» ጋር ያያይዙታል፤ ፍቺውም ማስታጠቅ ነው። ጥሩር ማልበስ፣ ሰይፍ ወገብ ላይ ማሰር፣ ለጦርነት የሚሆን ሰው አድርጎ ማቆም። ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። «ሾመ ሸለመ» ብለን አንድ ላይ የምንጠራቸው ግሦች በከንቱ አልተጣመሩም። በእኛም ቤተ መንግሥት ሹመት ብዙ ጊዜ ከልብስና ከመሣሪያ ጋር ነበር የሚመጣው፣ ካባ፣ ለምድ፣ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ ጎራዴ።

ፈረስና ጥሩር ደግሞ ያን ዘመን ከባድ ሀብት ነው። ያን የሰጠህ ጌታ ነገ ዝመት ሲልህ ቀርተህ አትቀርም። ናይት የሚለው ቃል ራሱ በጥንቱ እንግሊዝኛ ልጅ፣ አሽከር ማለት ነበር። ክብሩ የበቀለው ከማገልገል ነው ማለት ነው። ዘመን ሲያልፍ ማስታጠቁ ቀርቶ ምልክቱ ብቻ ተረፈ። መጀመሪያ አንገት ላይ በእጅ ወይም በሰይፍ መምታት፣ ኋላ ትከሻን ቀስ አድርጎ መንካት፣ በመጨረሻም ስም መስጠት ብቻ ሆነ።

ትምህርት ቤት እንደተማርነው ግሥ ባለቤትና ተሳቢ አለው። የዚህ ግሥ ባለቤት ሁልጊዜ ሰጪው ነው። ተሸላሚው ተሳቢ ነው። እኛ ግን ዜናውን ስናነብ ማን ተሸለመ ብለን ተሳቢው ላይ እንቀራለን። ባለቤቱን ብናይ ነው የሚሻለው፤ ማን ሰጠ፣ ያን ጊዜ ምን ፈልጎ ነበር የሰጠው፣ መቼስ ይነጥቃል?

ሥነ ሥርዓቱን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ይህ በደንብ ይታያል። ተሿሚው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ እጅ መደገፊያ ያለው ትንሽ በርጩማ ላይ ቀኝ ጉልበቱን ያሳርፋል። ንጉሡ የሰይፉን ጠፍጣፋ ጎን መጀመሪያ ቀኝ ትከሻው ላይ፣ ቀጥሎ ግራው ላይ ያደርጋሉ። በቃ። ከዚያ ይነሳል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ይጠቀሙበት የነበረው ሰይፍ የአባታቸው የጆርጅ ስድስተኛ ነበር። ፊልም ላይ የምንሰማው «ሰር እገሌ፣ ተነሥ!» የሚለው አዋጅ የለም፤ ቤተ መንግሥቱ ራሱ እንደማይባል በግልጽ ጽፏል። ካህን ከተሾመ ሰይፍ አይነካውም፣ የጦር መሣሪያ ለእሱ አይገባምና። ሴት ስትሾም «ዴም» ትባላለች፤ እሷንም ሰይፍ አይነካትም።

የውጭ አገር ሰው ደግሞ ማዕረጉን በክብር ብቻ ነው የሚያገኘው፣ «ሰር» አይባልም። በእኛ አቆጣጠር ከ77ቱ ድርቅ ጋር ስሙ የተያያዘው ቦብ ጌልዶፍ፣ ባንድ ኤይድንና ላይቭ ኤይድን ያሰናዳው ሙዚቀኛ፣ በ1986 የናይት ደረጃ ያለው የብሪቲሽ ኢምፓየር ኒሻን ተሰጠው። አየርላንዳዊ ነው። በደንቡ ሰር ቦብ ሊባል አይችልም። ሰዉ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሰር ቦብ ይለዋል። ንጉሥ ያልሰጠውን ሕዝብ ሰጠው፣ በግሡ በሁለተኛው ፍቺ።

ገንዘቡን ቶሎ ልለፈው፣ ታሪኩ የታወቀ ነው። በ1611 ቀዳማዊ ጄምስ «ባሮኔት» የሚባል አዲስ ማዕረግ ፈጥሮ 1,095 ፓውንድ የሚከፍል እንዲያገኘው አደረገ። ልጁ ቻርልስ ደግሞ ተገላቢጦሹን አመጣ፤ በዓመት 40 ፓውንድ ገቢ ከመሬቱ ኖሮት ናይት ለመሆን ያልቀረበውን ሰው ቀጣ። ክብርን በግድ ማለት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ዘመን ማዕረግ እንደ ሸቀጥ መሸጡ ያስነሳው ቁጣ እስከ ሕግ ደረሰ፣ የ1925ቱ የማዕረግ ሽያጭ መከልከያ ሕግ። በዚህ ሕግ ደላላው ሞንዲ ግሪጎሪ በ1933 ተፈርዶበታል። የእኛ ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የበላውን ተሿሚ አይቶ ነው። እዚያ የበላው ሿሚው ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

በ1923 ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ሮምን ጎበኙ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ገና ዓመት አልሞላውም። ባዝ ከሚባለው ኒሻን ትልቁን ደረጃ ሰጡት። በማግስቱ ዓመት፣ በ1924፣ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ ለንደን ገቡ። ለእሳቸውም ያንኑ ኒሻን ሰጡ፣ በዚያው ደረጃ። ከመቅደላ ከተዘረፉት ዘውዶች አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ የተመለሰውም በዚያው ጉብኝት ሰበብ ነው። ወራሪውና የሚወረረው በአንድ ኒሻን ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ተጻፉ።

ከዚያ 1935 መጣ። የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ተረጨ፤ ሰው ተቃጠለ፣ ከብት አለቀ፣ ወንዝ ተመረዘ። በግንቦት 1936 አዲስ አበባ ገቡ። በየካቲት 1937፣ እኛ የካቲት 12 ብለን በምናስበው ቀን፣ ከተማዋ ውስጥ ሰው በየቤቱ ታረደ፣ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ።

ጃንሆይ በስደት ያረፉት የት ነበር? በእንግሊዝ፣ ባዝ በምትባል ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለ ቤት። የኒሻኑና የከተማዋ ስም አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው። ኒሻኑ ይህን ስም ያገኘው ጥንት ናይት የሚሆን ሰው ሹመቱ ዋዜማ ላይ ገላውን ታጥቦ፣ ነጽቶ፣ ሌሊቱን በጸሎት ስለሚያድር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እስከ 1940 እዚያች ከተማ በስደት ሲኖሩ፣ አገራቸውን በጋዝ ያቃጠለው ሰውዬ በመታጠብና በመንጻት የተሰየመውን ኒሻን እንደያዘ ነበር። በጋዙ ምክንያት አልተነሳበትም። በየካቲት 12ም አልተነሳበትም። የተነሳበት በ1940 ነው፣ ጣሊያን በብሪታንያ ላይ ጦርነት ባወጀበት ዓመት።

የጣሊያኑ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤልም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ከ1891 ጀምሮ የጋርተር ባለ ኒሻን ነው፣ ከብሪታንያ ኒሻኖች የበላይ የሆነው። በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ በራሱ ላይ ጨመረ። ብሪታንያ ምን አደረገች? በ1938 ወረራውን በሕግ አወቀች፣ አምባሳደሯም የሹመት ደብዳቤውን ለኢጣልያ ንጉሥና ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ አቀረበ። ስም ማውጣት ማለት ይህ ነው፣ የሰው አገር ስም ለሌላ ሰው መስጠት። ጋርተሩ የተሰረዘው ሁለቱ አገሮች ከተዋጉ በኋላ ነው።

ይህን የማነሳው ያለፈ ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። ክብር ሰጪ አገር መዝኖ የሰጠው መስሎን እንዳንታለል ነው። በ1923ም በ1938ም የታየው የብሪታንያ ጥቅም ነው፤ በ1938 ደግሞ ሮምን ከሂትለር ማራቅ፣ ሜዲትራኒያንን ሰላም ማድረግ። የኢትዮጵያ ሕዝብ በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ወደ ኋላም ብንሄድ የምናገኘው ይህንኑ ነው። በ1868 ጄኔራል ሮበርት ኔፒየር መቅደላን ሰብሮ ሲመለስ ንግሥት ቪክቶሪያ ባሮን አደረጉት፤ ስሙም «ባሮን ኔፒየር ዘመቅደላ» ተባለ። ልብ በሉ፣ የተሰጠው ማዕረግ ብቻ አይደለም፣ የእኛ አምባ ስምም አብሮ ተሰጥቷል። አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው የወደቁበት ቦታ የእንግሊዝ መኳንንት መጠሪያ ሆነ። ማዕረጉ በዘር የሚወረስ ስለሆነ ዛሬም አለ።

ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደው የ7 ዓመቱ ልጅ ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ደግሞ በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ እዚያው እንግሊዝ ሞተ። በንግሥቲቱ ፈቃድ የተቀበረው ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ነው። ውስጥ ግድግዳው ላይ የናስ ሰሌዳ ተለጥፎለታል። የተጻፈበት የማቴዎስ ወንጌል ቃል ነው፣ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው። ተማርኮ የመጣ ልጅ ነው ይህን የተባለለት።

ይህ ጸሎት ቤት የጋርተር ኒሻን መንፈሳዊ ቤት ነው። ኒሻኑን በ1348 ገደማ የመሠረተው ሦስተኛው ኤድዋርድ ነው፣ ጋርተር ማለትም ካልሲ እንዳይወርድ ከጉልበት በታች የሚታሰር ማሰሪያ ነው። ከንጉሡና ከዌልስ ልዑል ሌላ መደበኛ አባላቱ 24 ብቻ ናቸው። ከዚያ ውጭ ያሉት የባዕድ አገር ነገሥታት በእንግሊዝኛ «እንግዳ» ናይቶች ይባላሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1954 ለንደንን በይፋ ሲጎበኙ ወጣቷ ንግሥት ኤልሳቤጥ ይህንኑ ኒሻን ሰጧቸው። በሰሌዳው ላይ ለልጁ የተጻፈውና በኒሻኑ ለንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠው ስም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ነው። እኔ ይህን ሳስብ ንጉሡ ኒሻኑን መቀበላቸው አያናድደኝም፤ ከስደት ተመልሰው፣ ዙፋናቸው ላይ ሆነው፣ ቀድሞ ፊቷን ካዞረችባቸው አገር ጋር እኩል ሆነው የቆሙበት ቀን ነው። የሚያናድደኝ ልጁ ነው። በ2023 የኢትዮጵያ ቤተሰቦቹ አጽሙ ይመለስልን ብለው ሲጠይቁ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ዐፅም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ እንቢ አለ። ክብር የመስጠት ሥልጣን ያለው ቤት ዐፅም የመመለስ አቅም አጣሁ ሲል መስማት ይከብዳል።

ወደ መንጠቁ ልመለስ። ዛሬ ለዚህ ሥራ ኮሚቴ አለ፤ የኮሚቴው ሐሳብ ወደ ንጉሡ ቀርቦ ይጸድቃል። የባንክ ኃላፊው ፍሬድ ጉድዊን በ2012 «ሰር» መባሉን ያጣው እንደዚህ ነው። በፖስታ ቤቱ የኮምፒውተር ቅሌት፣ ያልሰረቁ ሠራተኞች ሌባ ተብለው በታሰሩበት፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረችው ፖላ ቬነልስም በ2024 ኒሻኗን ተነጠቀች። ለአምባገነኖች ሲሆን ግን ጊዜው ሁልጊዜ ይዘገያል። የሮማኒያው ቻውሼስኩ በ1978 ለንደን ተጋብዞ የተሰጠውን ማዕረግ የተነጠቀው በታኅሣሥ 1989፣ ሊረሸን አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የዚምባብዌው ሙጋቤ በ1994 አግኝቶ በ2008 ተነሳበት። ሁለቱም ጨካኝ መሆናቸው በዚያ ቀን የተገለጠ ነገር አልነበረም። በዚያ ቀን የተቀየረው የሰጪው ስሌት ነው።

አንድ ደግሞ በጣም የሚያሳዝን ክፍተት አለ። የቴሌቪዥን ሰው የነበረው ጂሚ ሳቪል ሕፃናትን ሲደፍር እንደኖረ የታወቀው በ2012 ነው፣ ከሞተ በኋላ። ሰዉ ማዕረጉን ንጠቁት አለ። መልሱ አይቻልም ሆነ። ናይትነት በሞት ያበቃል፣ የሌለ ነገር አይሰረዝም። ለተጎዱት ሰዎች ይህ የሕግ ጨዋታ ነው የሚመስለው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

እምቢ ያሉም አሉ። ሠዓሊው ኤል ኤስ ላውሪ 5 ጊዜ እምቢ ብሏል። በጣም የሚታወሰው ግን ገጣሚው ቤንጃሚን ዜፋንያ ነው። በ2003 የብሪቲሽ ኢምፓየር ኒሻን ሊሰጠው ሲባል፣ እምቢታውን በጋርዲያን ጋዜጣ ላይ በአደባባይ ጻፈው። «ኢምፓየር» የምትለዋን ቃል ስሰማ ባርነት ትዝ ይለኛል ነው ነገሩ፣ አያቶቹ ላይ የተፈጸመውን እያስታወሰ። ሌሎች ብዙዎች በግል ደብዳቤ እምቢ ብለው ዝም ነው ያሉት።

ከእኛ ወገን ደግሞ ለምን ሲሳይ አለ። ኢትዮጵያዊ እናቱ በ1967 እንግሊዝ ወለደችው። ስሙን እንኳ ሳያውቅ በማደጎና በማሳደጊያ ቤቶች አደገ። አድጎ ገጣሚ ሆነ፣ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነ። በ2010 ኤምቢኢ፣ በ2021 ኦቢኢ ተሰጠው፤ ሁለቱም የዚያው የኢምፓየር ኒሻን ደረጃዎች ናቸው። እሱ ተቀበለ። አንዳንዶች ከዜፋንያ ጋር አወዳድረው ይወቅሱት ይሆናል። እኔ አልወቅሰውም። የመንግሥት ማሳደጊያ ስሙን የነፈገው ልጅ፣ የዚያው መንግሥት የበላይ በገዛ ስሙ ጠርቶ «አበጀህ» ሲለው፣ የሚሰማውን እሱ ነው የሚያውቀው። ሹመት ያዳብር ብዬዋለሁ በልቤ።

የኒሻኑ ስም ግን መቀየር አለበት። በ1917 ጆርጅ አምስተኛ ሲመሠርቱት ኢምፓየሩ ነበር፣ ዛሬ የለም። በ2004 የብሪታንያ ፓርላማ አንድ ኮሚቴ «ኢምፓየር» የሚለው ወጥቶ «ኤክሰለንስ» የሚል እንዲገባበት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የአንድ ቃል ለውጥ ነው፣ ምህጻረ ቃሉ እንኳ አይነካም። መንግሥት አልተቀበለውም። እስካሁን በዓመት 2 ጊዜ፣ በአዲስ ዓመትና በንጉሡ የልደት በዓል፣ በእያንዳንዱ ከ1,000 በላይ ሰዎች ስማቸው ይወጣል፤ አብዛኞቹም የሚቀበሉት ይህንኑ ኒሻን ነው። ነርሶች አሉበት፣ የሠፈር ወጣቶችን ኳስ የሚያሰለጥኑ አሉበት፣ ስደተኛ የሚቀበሉ አሉበት። ለምን ሲሳይ ያገኘውን ያህል ይገባቸዋል፤ ያንን ሁሉ መልካም ሥራ «ኢምፓየር» በሚል ቃል መጥራት ግን ለእነሱም አይመጥንም።